«እማዬ፣ አንቺ የምትስቂው ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ነው»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከደብረ ማርቆስ ነው። ትንሽ አሳጥሬ አቀርበዋለሁ።

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዕድሜዬ 36 ነው። የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ በሳምንት አንዴ ቤት ቢያድር ነው።

ችግሬ ትልቅ አይደለም፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው። የሞተብኝ የለም፣ የታመመብኝ የለም። የሚያቃጥሉኝ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ተራችን ሲደርስ እኔ ክፍል ውስጥ ነኝ። ሊጡ ኩፍ ሲል መብራት ይሄዳል። የማስተምረው ክፍል 68 ተማሪ አለው። ማታ ቤት ስገባ ልጆቼ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ እጮኻለሁ። በየጾሙ መግቢያ ‹ከእንግዲህ አልቆጣም› እላለሁ። ሦስት ቀን አይሞላም።

ባለፈው ወር በ21 የማርያም ጽዋ ተራዬ ነበር። በዋዜማው መብራት ጠፋ። ከጎረቤት እንጨት ተበድሬ በጭስ ታፍኜ ስጋግር የ9 ዓመቷ ልጄ የሊጡን ዕቃ ላቀብልሽ ብላ አመለጣትና ተደፋ። የተናገርኋትን ልጽፈው አልችልም። ልጄ አላለቀሰችም። ዝም ብላ አየችኝና ‹እማዬ፣ አንቺ የምትስቂው ቤተ ክርስቲያን ስትሄጂ ነው› አለችኝ።

በማግስቱ ማኅበርተኞቹ መጡ። ሳቅሁ፣ አስተናገድሁ፣ ተመረቅሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ንስሐ አባቴ ፊት መቅረብ አፈርሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቢቸና ገጠር ስምንት ልጅ አሳድጋለች። ድምጿን ከፍ አድርጋ ሰምቻት አላውቅም። እኔ ግን አንድ ሊጥ ቢደፋ ሰው መሆኔ ይጠፋኛል። ሁለተኛ ዲግሪ ለመማር ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም በቤት ምክንያት ተውሁት። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ተምራ ጨርሳለች። ስትደውል ‹ደስ ብሎኛል› እላለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ልቤ ይከብደኛል።

ይህን ሁሉ ይዤ እንዴት ክርስቲያን ነኝ እላለሁ? ጸሎቴስ ይሰማል? ማኅበሩንስ ብተወው ይሻል ይሆን?

የሦስት ልጆች እናት»

እታለም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ሰንብቻለሁ። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብሁት። ሁልጊዜ የሚያስቆመኝ አንድ ቦታ ነው። «ችግሬ ትልቅ አይደለም፤ ያሳፈረኝም እሱ ነው» ያልሽው።

ከዚሁ ልጀምር። ትልቅ መከራ ሲመጣ አገር ይሰበሰባል። ሰው ሲሞት ዕድርተኛው ድንኳን ይተክላል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ዘመድ ከዳሞትም ከብቸናም ይመጣል። ሐዘንተኛው ብቻውን አያድርም። ሊጥ ላይ መብራት ሲሄድ ግን «እግዜር ያጥናሽ» የሚልሽ የለም። ውሃው በሌለሽበት መጥቶ ሲሄድ አብሮሽ የሚቀመጥ የለም። ትንሹን መከራ ሰው ብቻውን ነው የሚሸከመው። ለዚያውም በየቀኑ። ስለዚህ ቢከብድሽ አይግረምሽ። ቀላል ነገር ስለሆነ ሊከብደኝ አይገባም እያልሽ በሸክሙ ላይ ኀፍረት ጨምረሽበታል።

በየዓመቱ ነነዌን ሦስት ቀን እንጾማለን። የዮናስንም ታሪክ እንሰማለን። ሁላችንም ዓሣ አንበሪውን እናስታውሳለን። መጨረሻው ላይ ያለችውን ቅል ግን ብዙ ሰው ይረሳታል። ዮናስ በጥላዋ ደስ ብሎት ነበር። በማግስቱ ትል መታትና ደረቀች። ፀሐይ ራሱን መታው። ተቆጣ፣ ሞቴን አለ። ያ ሁሉ ስለ አንዲት ቅል ነው! እግዚአብሔርም «በውኑ ስለዚህች ቅል ትቈጣ ዘንድ ይገባሃልን?» ብሎ ጠየቀው። ዮናስም «እስከ ሞት ድረስ እቈጣ ዘንድ ይገባኛል» ብሎ መለሰ። ልብ በይ፣ ይህን የሚለው ለአምላኩ ነው። እግዚአብሔር ግን ጥሎት አልሄደም። ንግግሩን ቀጠለ። መጽሐፉ የሚያልቀው እግዚአብሔር ከተቆጣ ሰው ጋር ሲነጋገር ነው።

የተደፋው ሊጥሽ ያቺ ቅል ናት ብዬ አስባለሁ። እግዚአብሔር በእሱም ሊያነጋግርሽ ይፈልጋል።

አሁን ስለ እናትሽ። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን። ስምንት ልጅ ያሳደጉ የብቸና እናት ናቸውና ምን ያህል ጠንካራ እንደነበሩ ለመገመት አያዳግተኝም። ክብራቸውንም ልቀንስ አልሻም። ነገር ግን እናትሽን ያየሻቸው በልጅ ዓይን ነው።

የራሴን እናት ላንሣልሽ። እኔም እንዳንቺ «እናቴ ተቆጥታ አታውቅም» እያልሁ ነበር የኖርሁት። ካረጀች በኋላ አንድ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ «እንዴት ቻልሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም ብላ ቆየችና «ምንጭ ስወርድ ነበር የማለቅሰው» አለችኝ። እንስራዋን ሞልታ፣ ፊቷን በምንጩ ውሃ ታጥባ ትመለስ ነበር። እኛ የምናየው የታጠበውን ፊት ነው። ለአርባ ዓመት ያህል ይህን አላውቅም ነበር።

እናትሽ የት ያለቅሱ እንደነበር አታውቂም። አንቺ ግን ምንጭ መውረጃ የለሽም። ውሃሽ በቧንቧ ነው፣ እሱም በፈረቃ። ከ68 ሕፃን ወጥተሽ በቀጥታ ሦስት ልጅ ላይ ትገቢያለሽ። በመካከል አንዲት ደቂቃ የራስሽ የለችም። ይህን የምልሽ ጩኸትሽን ትክክል ለማድረግ አይደለም። የእናትሽን ሕይወት ሳታውቂ በእናትሽ መመዘኛ ራስሽን አትመዝኚ ለማለት ነው። እግዚአብሔር ወደፊት የሚጠይቅሽ ለምን እንደ እናትሽ አልሆንሽም ብሎ አይደለም።

በዚህ መለኪያ የተሰበረ ታላቅ ሰው አለ። ነቢዩ ኤልያስ። በ1ኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ታገኚዋለሽ። እሳት ከሰማይ ያወረደ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ግን በረሃ ገብቶ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወደቀና ሞቱን ለመነ። ምን ብሎ? «እኔ ከአባቶቼ አልበልጥምና» ብሎ። አየሽ፣ እሱም ራሱን ከወላጆቹ ጋር እያስተያየ ነበር።

እግዚአብሔር ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። «አንተ ነቢይ ሆነህ!» አላለውም። ምክርም አልሰጠውም። መጀመሪያ አስተኛው። ከዚያ መልአክ ልኮ ቀሰቀሰውና «ተነሥተህ ብላ» አለው። ኤልያስ ቢያይ በራሱ አጠገብ እንጎቻና በማሰሮ ውሃ ተቀምጧል። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጣ። አሁንም «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። ንግግሩ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ ኮሬብ ላይ ነው።

እንጎቻ የሚለውን ቃል ስታነቢ ምን እንደሚታይሽ አላውቅም። እኔ ግን ምጣዱ ዳር እንደ ልጅ ቁጭ ብዬ የምጠብቃት ትንሿ እንጀራ ነች የምትታየኝ። ሰማያዊው መልአክ ለደከመው ነቢይ የጋገረለት እሷን ነው።

ስለዚህ ጸሎትሽ ይሰማ እንደሆነ ከመጠየቅሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ስንት ሰዓት ትተኛለሽ? ማታ ቤት ስትገቢ ሆድሽ ውስጥ ምን አለ? በጾም ቀን ቆመሽ አስተምረሽ፣ ባዶ ሆድሽን ውሃ ቀድተሽ፣ ከዚያ ምጣድ ላይ ትቆሚያለሽ። ጾሙን ተይው እያልሁሽ አይደለም፤ ያ የእኔ ሥልጣን አይደለም። ለንስሐ አባትሽ ግን እውነቱን ንገሪያቸው። «አባቴ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጾም ልጆቼን እበላቸዋለሁ» በያቸው። አቅምሽን አይተው ይወስኑልሻል። የንስሐ አባት አንዱ ሥራው ይህ ነው። ከጥሉላት ተከልክለን በልጃችን ላይ አፋችንን ከለቀቅን ጾማችን ጎደሎ እንደሆነ እሳቸውም ያውቁታል።

የጾም ቀን ባልሆነ ጊዜ ቦርሳሽ ውስጥ ጭብጥ ቆሎ ያዥ። ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስትሄጂ ቅመሺው። ደጃፍሽ ላይ ስትደርሺ ወዲያው አትግቢ። በሩን ሳትከፍቺ አንድ «አባታችን ሆይ» በይ። በቀስታ። ያቺ ለአንቺ ምንጭ መውረጃሽ ትሁን።

«አባታችን ሆይ»ን ካነሣሁ አይቀር አንድ ነገር ላሳይሽ። በየቀኑ ስለምንለው እናልፈዋለን። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ለዛሬ እንላለን። ወዲያው ቀጥሎ በደላችንን ይቅር በለን እንላለን። እንጀራውና ይቅርታው ጎን ለጎን ናቸው። እንጀራ ለሳምንት ተጋግሮ ይቀመጥ ይሆናል፤ ጸሎቱ ግን የዛሬን ነው የሚለምነው። ይቅርታውም እንደዚያው ነው። ጌታ ይህን ጸሎት ሲያስተምረን በየቀኑ እንደምንራብ ያውቃል። በየቀኑ እንደምንበድልም ያውቃል። አንቺ ደግሞ በጾም መግቢያ አንድ ጊዜ ምለሽ የዓመቱን ትዕግሥት በአንድ ቀን ልትጋግሪ ትሞክሪያለሽ። በሦስተኛው ቀን ሲያልቅብሽ «አበቃልኝ» ትያለሽ። መና በምድረ በዳ እንዲህ ነበር፤ ለነገ ብለው ያሳደሩት ተላ።

በቅዳሴና በጸሎት ላይ «እግዚኦ»ን 41 ጊዜ ስንል አብረሽ ብለሻል። ለምን አንድ ጊዜ ብለን አንተውም? ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን ስለምታውቅ ነው ብዬ አምናለሁ።

«ከእንግዲህ አልቆጣም» የሚለውን መሐላ ተዪው። ሰኞ ጠዋት «ጌታ ሆይ፣ የዛሬን» በይ። ማታ ከወደቅሽ «ይቅር በለኝ» ብለሽ ተኚ። ማክሰኞ ጠዋት እንደገና «የዛሬን» በይ።

እዚህ ላይ የቅኔ ቤት ትዝ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጬ ነበር። የጎጃም ሰው ነሽና ደብረ ኤልያስን፣ ዲማን፣ ዋሸራን ስሰማ ምን እንደሚሰማኝ ታውቂዋለሽ። ጠዋት አኩፋዳ አንግተን «በእንተ ስማ ለማርያም» ብለን እንለምናለን። ከዚያ ሜዳ እንወጣና ቅኔ እንቆጥራለን፤ ማለት የየራሳችንን አዲስ ቅኔ እናዘጋጃለን። አንዱ ከዛፍ ሥር፣ አንዱ ከድንጋይ ጥግ፣ ሁሉም ለየብቻው። ማታ የኔታ ፊት ቀርበን የቆጠርነውን እንናገራለን። ጀማሪ የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ሁለት ቤት ስልሽ ቀላል እንዳይመስልሽ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጠሽ ማታ ቤቱ አይመታም። ቤቱ ሲመታ ምሥጢሩ አይገጥምም። የኔታ ያፈርሱታል። ያርሙናል። በማግስቱ ሌላ እንቆጥራለን። የትናንቱን ይዞ መቅረብ የለም፤ ቅኔ በየቀኑ አዲስ ነው። መወድስ፣ ስምንት ቤት፣ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ከእኛ መካከል አእምሮው እንደ ምላጭ የሆነ ልጅ ነበር። ከሁላችን ይበልጣል። ነገር ግን ያልጠራ ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት መቅረብን እንደ ውርደት ቆጠረው። አንድ ማታ ቀረ። ሌላም ማታ ቀረ። «ሲሟላልኝ እቀርባለሁ» ይል ነበር። አልተሟላለትም። እንዴት ይሟላለታል? የሚያሟላው እርማቱ ነበር። አንድ ጠዋት ተነሥተን ብናይ ደበሎው የለም። ቅኔ ቤቱን ትቶ ሄዷል። ከእሱ በታች የነበሩ ልጆች በኋላ መምህር ሆኑ።

ንስሐ አባትሽ ፊት መቅረብ አፈርሁ ስትዪ ያ ልጅ ፊቴ ላይ መጣ። እታለም፣ ሂጂ። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ስትሄጂ ደግሞ በደፈናው «በድያለሁ» አትበዪ። እሱ አያሳርፍም። «ልጄ ሊጥ ብትደፋ እንዲህና እንዲህ ብዬ ሰደብኋት» በይ። ለእኔ መጻፍ ያቃተሽን ቃል ለእሳቸው ተናገሪው። «እህቴ ስትደውል ቀናሁ» በይ። በስሙ ጥሪው። ከእሳቸው ጆሮ ስንት የባሰ እንዳለፈ አታውቂም፤ አይደነግጡም። የኔታ የተበላሸ ቅኔ ሲሰሙ ደንግጠው አያውቁም ነበር።

ወደ ልጅሽ ልመለስ። የከበደሽ የእሷ ቃል መሆኑን አውቃለሁ።

አንቺ «ግብዝ ነሽ» እንዳለችሽ ሰምተሽዋል። እኔ ግን ቃሏን ደጋግሜ ሳነበው ሌላ ነገር ይሰማኛል። ልጅቱ ሳቅሽን ታውቀዋለች። የት እንደሚገኝም ታውቃለች። ቤተ ክርስቲያን እናቷ የምትስቅበት ቦታ እንደሆነ አይታለች። ያ ሳቅ ቤትም እንዲመጣላት ነው የፈለገችው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ «ናፍቀሽኛል» ማለት ሲያቅታት እንዲህ ትላለች። እንዲያም ሆኖ ቃሏ እውነት ነው፣ ያማል። ማመሙንም አትሽሺው።

ይቅርታ ጠይቂያት። በእኛ አገር ወላጅ ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል የሚል አለ። እኔ አልቀበለውም። ልጅ የምትንቀው አጥፍቶ የሚኮራን ነው። ሲመሽ አጠገቧ ተቀመጪና እንዲህ በያት፦ «ያን ዕለት የጮኽሁብሽ ሊጡ ስለተደፋ አይደለም። ደክሞኝ ነበር። የተናገርሁሽ ልክ አልነበረም። ይቅር በይኝ።» ከዚያ ዝም በይ። «ግን አንቺም እኮ» የሚለውን እንዳትጨምሪበት አደራ። ያቺ አንዲት «ግን» ይቅርታውን ትበላዋለች። መልስ ባትሰጥሽም አትጨነቂ። ልጆች መልሳቸውን የሚያመጡት በሦስተኛው ቀን፣ ሌላ ነገር ሲያወሩ ነው።

ዳዊት ትደግሚ እንደሆነ አልነገርሽኝም። የምትደግሚ ከሆነ የሰኞው ከ1 እስከ 30 ነው። ውስጡ 12ኛው መዝሙር አለ። «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ? እስከ መቼስ ፊትህን ከእኔ ትሰውራለህ?» ይላል። ይህ የእሮሮ ጸሎት ነው። አባቶቻችን ለሰኞ ከመደቡት መዝሙር መካከል አንዱ ነው። እግዚአብሔር ፊት ስትቀርቢ ለማኅበርተኞቹ ያሳየሽውን ሳቅ ይዘሽ መቅረብ የለብሽም። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬም መብራት ሄደ፣ ሰለቸኝ» ማለት ጸሎት ነው። ይሰማል ወይ ላልሽው፣ የሚሰማው ይህኛው ነው። ብስጭትሽን ወደ ላይ ካላወጣሽው ወደ ታች ይወርዳል፤ ከታች ያሉት ደግሞ ልጆችሽ ናቸው።

ስለ ቤት ሥራው አጠር አድርጌ ልናገር። ሙሴ ከጠዋት እስከ ማታ ብቻውን ሲፈርድ አማቱ ዮቶር አይቶ ይህ መልካም አይደለም፣ ይከብድሃል፣ ብቻህን አትችለውም አለው። ሙሴም ከእግዚአብሔር ጋር የሚነጋገር ሰው ሆኖ ሳለ የአማቱን ምክር ሰማ። አንቺም ስሚ። የውሃው ተራ ሲደርስ ቤት የምትውል ጎረቤት ካለች ጀሪካኖቹን እሷ ትሙላልሽ፤ አንቺ ደግሞ ማታ ልጇን አስጠኚላት። አስተማሪ ነሽ፣ የምትሰጪው አለሽ። ባለቤትሽ ቤት በሚያድርባት ቀን ስለ መንገዱ ብቻ አትጠይቂው። የዓባይን በረሃ ሲወርድና ሲወጣ የሚደክመውን ድካም አንቺ ታውቂለታለሽ። የአንቺን ድካም ግን ካልነገርሽው አያውቀውም። ብዙ ባል ቤቱ ደህና ነው ብሎ የሚያምነው ሚስቱ «ደህና ነን» ስለምትለው ነው። አንድ ሥራ በስሙ ስጪው። ጤፉን ማስፈጨት ይሁን፣ ሊሆን የሚችል ማንኛውም ነገር። የእሱ ይሁን።

ይህንንም ልጨምር። ለቅሶው ሳምንታት ከዘለቀ፣ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ፣ ጠዋት መነሣት ተራራ ከሆነብሽ ሐኪም ቤት ሂጂ። ይህ የእምነት ማነስ አይደለም። የደም ማነስም ሰውን ያደክማል፣ ያነጫንጫልም። ጠበሉንም ሐኪሙንም የሰጠን አንድ አምላክ ነው። «ጸልዪ እንጂ ሐኪም ምን ያደርግልሻል» የሚልሽ ቢኖር አትስሚው።

አሁን ወደ ዲግሪው። ሦስት ጊዜ ጀምረሽ ሦስት ጊዜ መተውሽ ውስጥሽን እንደሚበላው ይገባኛል። ስለ ውሃና ስለ መብራት ስትጽፊ ቃልሽ ይፈጥናል። እዚህ ላይ ስትደርሺ ግን በሁለት መስመር ጨርሰሽ አለፍሽ። የሚያመንን ቶሎ ነው የምናልፈው።

ሰከላ ግሽ ዓባይ የጻድቁ የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ታሪክ ይነገራል። ሰምተሽው ይሆናል። ሊያስሯቸው ሲመጡ መጻሕፍቶቻቸውን ለዓባይ አደራ ብለው ሰጡ። ለዓመታት ታስረው ተመለሱና ወንዙ ዳር ቆመው አደራቸውን ጠየቁ። ዓባይም መጻሕፍቱን ውሃ ሳይነካቸው መለሰላቸው ይባላል። እኔን ሁልጊዜ የሚነካኝ ተአምሩ ብቻ አይደለም። እነዚያ የእስር ዓመታት ናቸው። መጽሐፍ የሚወድ ሰው መጽሐፉ ውሃ ውስጥ እንዳለ እያወቀ ያን ሁሉ ጊዜ እንዴት ተቀመጠ? ጠፋብኝ አላሉም። አደራ ሰጥቻለሁ ነው ያሉት።

መማር መፈለግሽ ኃጢአት አይደለም፣ ምኞት ብቻም አይደለም። አልሞተም። ትንሹ ልጅሽ ከፍ እስኪል አደራ ስጪው። «ጌታ ሆይ፣ ይህን ያዝልኝ» በይ። ጊዜው ሲደርስ አራተኛ ጊዜ ጀምሪ። በ40 ዓመትም ይማራል፣ በ45ም ይማራል። ብትጠይቂ እዚያው ከተማሽ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በዚያ ዕድሜ የሚማሩ ታገኛለሽ።

ለእህትሽም እውነቱን ንገሪያት። «ስትጨርሺ ደስ አለኝ። ደግሞም ከፋኝ፤ እኔም መማር ስለምፈልግ» በያት። ሁለቱ ስሜቶች አንድ ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የተደበቀው ቅናት ነው የሚሸተው። እህትሽ የእናትሽ ልጅ ናት፣ ትረዳሻለች። ምናልባትም መመዝገቢያው ቀን ሲደርስ ቀድማ የምትደውልልሽ እሷ ትሆናለች።

የመጨረሻው ጥያቄሽ የማኅበሩ ነው። ብተወው ይሻል ይሆን ብለሻል። አትተዪው። በሳቅ የምትቀመጪበት አንድ ቦታ አለሽ፤ እሱን ዘግተሽ ቤትሽ አይሞቅም። የምትተዪው ድግሱን ነው። የእመቤታችን ጽዋ እንዴት ወደ ውድድር እንደተለወጠ ሳስብ ያሳዝነኛል። አንዷ ሁለት ዓይነት ወጥ ስትሠራ ቀጣዩዋ ሦስት ትሠራለች። ተራው ሲደርስ ሴቶች ተበድረው ይደግሳሉ። ጽዋው የተጀመረው ስሟን ጠርተን፣ ጸልየን፣ ያለንን ቀምሰን፣ ለደሀ አካፍለን እንድንለያይ ነው። ቆሎና አንድ ድፎ ዳቦ፣ ከተገኘም ጠላ፣ ይበቃል። በሚቀጥለው ስትሰበሰቡ አንቺ ተናገሪ። «እኔ አቅሜ አልቻለም፣ ለሁላችንም እናቅልለው» በይ። የመጀመሪያዋ ተናጋሪ ትፈራለች። ከኋላዋ ግን «እኔም እኮ» የሚሉ አይጠፉም።

ሌላ ጊዜ ስትጋግሪ፣ መብራት ኖረም አልኖረም፣ ልጅሽን ከምጣዱ አጠገብ አስቀምጫት። የሊጡን ዕቃ እንደገና አሲዣት። ትፈራለች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። አብረሽ ያዥላት። ሊጡ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ከቀረው አንዲት እንጎቻ አውጪላት። ትኩሷን፣ በእጇ።